ሞተር ከማስከፈትዎ በፊት ፑሌጃውን ይነቅንቁ

መኪናው ቆሞ ሚኒሞ ላይ ሲሠራ ከፊት በኩል ያንኳኳል። ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ ይጠፋል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ጋራዥ ሲደርሱ መካኒኩ አንገቱን ወደ ሞተሩ ሰገግ አድርጎ ጥቂት ያዳምጥና «ቤላ መቷል፤ ሞተር ይውረድ» ይላል። ደብረ ታቦር ውስጥ አሮጌ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ሂሉክስ ወይም ሚኒባስ የሚይዝ ሰው ይህን ፍርድ አንድ ቀን ሳይሰማ አይቀርም። ፍርዱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ከሞተሩ ውጭ ሆኖ ተመሳሳይ ድምፅ የሚያሰማ፣ በአንድ ቡሎን ብቻ የታሰረ ዕቃ አለ፤ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ፑሌጃ። ቡሎኑ ከላላ ፑሌጃው በየዙሩ ይንገጫገጫል፤ ድምፁም በብረቱ ተላልፎ ከሞተሩ ሆድ የወጣ ይመስላል።

ሞተር ማውረድ የቀናት ሥራ ነው፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ፑሌጃን መመርመር ግን ቺንጋ አውርዶ መልሶ ከማሰር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ማንም ሰው ሞተርዎን ከመክፈቱ በፊት ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው፤ በራስዎ የማይሠሩትን መካኒኩ እርስዎ እያዩ እንዲሠራው ያድርጉ።

ነገ አየዋለሁ የማይባልበት ምክንያት

ትልቁ ፑሌጃ የሚያዞረው ቺንጋ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና በብዙ አሮጌ መኪኖች የራዲያተሩን ማራገቢያ ይዞ ይሄዳል። ፑሌጃው ሲወላገድ ቺንጋው ይበላል፣ ይንሸራተታል፣ ወይም ከነጭራሹ ይወጣል። ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ1,800 ሜትር አካባቢ ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ ችግር የለም። የብዙ አሮጌ መኪኖች ክዳን ግን ስፕሪንጉ የሞተ ነው፤ ቴርሞስታቱ ጨርሶ ሳይከፈት ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የውሃ ፓምፑ በሚንሸራተት ቺንጋ ሲዞር ቴስታታው የሚቃጠለው ዳገቱ ሳያልቅ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። የቶዮታ ኤል ሞተር ያላቸው ናፍጣ መኪኖች፣ ማለትም ብዙዎቹ አሮጌ ሃይኤስ ሚኒባሶችና ሂሉክሶች፣ የፍሬኑን ሰርቮ የሚረዳው ቫኪዩም ፓምፕ ያለው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ቺንጋው ሲወጣ ዲናሞው ይቆማል፤ ዲናሞው ሲቆም ቫኪዩሙ ይቆማል። ሰርቮው ውስጥ የቀረው ጥቂት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ያልቅና የፍሬን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሰው የጫነ ሚኒባስ ከዓለም ሳጋ ጫካ ወደ ታች እየወረደ ይህ ቢደርስበት ምን እንደሚፈጠር መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። «ቺንጋ ነው፣ ወረታ ስንደርስ እንለውጠዋለን» የሚለው አነጋገር በናፍጣ መኪና ላይ አይሠራም።

ሦስተኛው ጉዳይ የታይሚንግ ነው። በብዙ ሞተሮች ያው አንድ ቡሎን ከፑሌጃው ጀርባ ያለውን የታይሚንግ ጥርስም ጨምሮ ነው የሚያጠብቀው። ቡሎኑ ሲላላ ጥርሱም ይላላል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ለመነሣት ያስቸግራል፣ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያን ጊዜ መካኒኩ መጀመሪያ የፈረደው ፍርድ በግድ እውነት ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዲናሞውን ለማላላት የሚሆኑ ቁልፎች (በቶዮታ ብዙ ጊዜ 12 እና 14)፣ ለፑሌጃው ቡሎን የሚሆን ቡሶላ ከረጅም እጄታ ጋር፣ የስልክ መብራት፣ ነጭ ቀለም ወይም የጥፍር ቀለም፣ የብረት ብሩሽ፣ ክሪክ፣ መደገፊያ እና አንድ ረዳት። የቡሎኑ ልክ በብዙ መኪኖች ከ17 እስከ 22 ነው። ላዳ ግን ማኒቬላ እንዲነክስ ተደርጎ የተሠራ ትልቅ ዳዶ ስላለው 38 ቁልፍ ይፈልጋል። 38 ቁልፍ በየቤቱ አይገኝም፤ የከባድ መኪና ጋራዥ ሄደው ይዋሱ። በፓይፕ ቁልፍ የታኘከ ዳዶ ያለው ላዳ ብዙ ነው፤ የእርስዎን አይጨምሩበት።

1. መኪናውን ያዘጋጁ

ሜዳ ላይ ያቁሙት። ደብረ ታቦር ውስጥ እውነተኛ ሜዳ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ይፈልጉት። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በድንጋይ ያግዱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ቺንጋው አጠገብ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት የሞተር ቁልፉን አውጥተው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ፤ የባትሪውንም ነጌቲቭ ይንቀሉ።

የሞተሩ ፊት ወደ ራዲያተር ባየባቸው እንደ ዲኤክስ፣ ላዳና ሂሉክስ ባሉ መኪኖች ፑሌጃውን ከላይም ከታችም ማየት ይቻላል። ሞተራቸው በጎን በተቀመጠ የፊት ጎማ ነጂ ቶዮታዎች ግን ፑሌጃው ያለው በቀኙ የፊት ጎማ በኩል ነው፤ ጎማውን ማውለቅ ግድ ይላል። ያን ጊዜ መኪናውን በክሪክ ብቻ አይተዉት። ድንጋይ ደርድሮ መደገፍ እዚህ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ክብደት የተሸከመ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይፈነከታል። ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ወይም የብረት መደገፊያ ይሻላል፤ የወለቀውንም ጎማ ከመኪናው ሥር ያስገቡት።

2. መጀመሪያ ያዳምጡ

ሞተሩን ሁለት ጊዜ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ጠዋት በብርዱ፣ አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱ ስለሚወፍር ጤነኛ ሞተርም ለጥቂት ጊዜ ያንኳኳል፤ በብርድ ብቻ የተሰማ ድምፅ ላይ ፍርድ አይስጡ። በክረምትም የራሰ ቺንጋ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ነው፣ የላላ ፑሌጃ ግን ያንኳኳል። ሁለቱን አያምታቱ።

የላላ ፑሌጃ ድምፅ ጠባዩ የተዘበራረቀ ነው። ሚኒሞ ላይ ይሰማል፣ ዙሩ ሲጨምር ይሸሻል ወይም ይለወጣል፣ ሞተሩ ሲጠፋና ሲነሣ ለቅጽበት ይጎላል። ዋናው መለያው ግን የቺንጋው ሸክም ሲለወጥ እሱም መለወጡ ነው። ረዳትዎ ረጅም መብራትና የመስኮት ማሞቂያ ያብራ፤ ፓወር ስቲሪንግ ካለው መሪውን ያዙር። በዚያች ቅጽበት ድምፁ ከጨመረ ወይም ከጠፋ ጥርጣሬዎ ወደ ፊት ለፊት፣ ወደ ፑሌጃውና ቺንጋው ወደሚነካቸው ዕቃዎች ይሁን።

የቤላ ብሮንዚን ድምፅ ሌላ ነው። ጭነት ሲበዛበት፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ይጠነክራል፤ ለመብራት ግድ የለውም። በዲስትሪቢውተር በሚሠራ ቤንዚን ሞተር ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ሞተሩን አጥፍተው የአንዱን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ይንቀሉ፣ ጫፉንም ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝተው ይሰሩት፤ ከዚያ አስነሥተው ያዳምጡ። እንደዚህ እያሉ በየተራ ይሂዱ። የአንዱ ገመድ ሲነቀል ድምፁ ጉልህ ሆኖ ከቀነሰ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ፑሌጃ አይደለም። በናፍጣ ሞተር ይህን አይሞክሩ፤ የኢንጀክተር ቧንቧ ግፊት ቆዳ ይበሳል፣ ለሚያውቀው ይተዉለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ የላላ ቮላኖ ወይም ያለቀ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። የላላ ቮላኖ ድምፅ ከላላ ፑሌጃ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ያለው ከየት በኩል እንደሚመጣ ላይ ብቻ ነው።

3. ሞተሩ እየሠራ ይመልከቱ

ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተንጠለጠለ ክራቫት፣ ሰፊ እጅጌ ሁሉም ይውለቅ። የጠዋቱ ብርድ ያስቸግራል፤ ጋቢ ለብሶ ማራገቢያ ላይ ማጎንበስ ግን ሞትን መጥራት ነው። ከቺንጋው ትይዩ አይቁሙ፤ ቢበጠስ ወይም የማራገቢያ ክንፍ ቢሰበር የሚወረወረው በዚያው አቅጣጫ ነው። ወደ ጎን ይሁኑ።

ስልክዎን በዝግታ በሚቀርጸው ሁኔታ ላይ አድርገው ፑሌጃውን ከጎን ይቅረጹት። ጤነኛ ፑሌጃ ጠርዙ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። ጠርዙ ወደፊትና ወደኋላ ሲዋኝ ካዩ፣ ወይም ቺንጋው ፑሌጃው ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ካዩ አንድ ነገር አግኝተዋል። ለጊዜው ግን «ላላ» ብለው አይደምድሙ፤ የተጣመመ ፑሌጃም እንዲሁ ይዋኛል።

አሁን ሞተሩን አጥፍተው በመብራት በቅርብ ያዩት። የፑሌጃው እምብርት ዙሪያ፣ ቡሎኑና ሮንዴላው በሚገናኙበት ላይ በርበሬ የመሰለ ቀይ ደቃቅ ዱቄት ካለ ልብ ይበሉ። ይህ የመንገድ አቧራ አይደለም። ሁለት ብረቶች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ሲፋጩ የሚወጣ የዝገት ዱቄት ነው፤ የላላ ፑሌጃ ፊርማ እላለሁ። የበጋው አቧራ ግራጫና ቡናማ ነው፣ ሁሉም ቦታ ላይ ያርፋል፤ ይህ ግን ከእምብርቱ ጀምሮ እንደ ጨረር ወደ ውጭ የተረጨ ነው። ሞተር ከማሳየትዎ በፊት «ይታጠብ» የሚሉዎት ካሉ እምቢ ይበሉ፤ ማስረጃው በውሃ ይሄዳል።

ጥቁር የጎማ ዱቄት ካዩ ቺንጋው እየተበላ ነው። በዘይት ከረጠበ ኦይል ሲሉ ተበልቷል፤ የሚወዛወዝ ፑሌጃ ኦይል ሲልን ቶሎ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሲሉን ብቻ ቀይሮ መመለስ በጥቂት ጊዜ እዚያው ይመልስዎታል።

4. ቺንጋውን አውርደው ይነቅንቁት

ዋናው ምርመራ ይህ ነው። ቺንጋው እንደተወጠረ ፑሌጃውን ይዞ ስለሚያፍነው ብዙ ሰው እጁን ከቺንጋው ጋር ነክቶ «ጠንካራ ነው» ብሎ ይሄዳል። ዲናሞውን ያላሉ፣ ቺንጋውን ያውጡ። ቺንጋው ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም ያውጡ።

መጀመሪያ ፑሌጃውን ከላይና ከታች ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይነቅንቁ፤ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ መኖር የለበትም፤ ጥቂትም ቢሆን።

እንቅስቃሴ ከተሰማዎት ዓይንዎን ቡሎኑ ራስ ላይ ያድርጉ፤ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ፑሌጃው እየተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ዝም ካለ ፑሌጃው ላልቷል። ቡሎኑና ፑሌጃው አብረው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከሄዱ የሚንቀሳቀሰው ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ነው። ክራንክ ሻፍት ወደፊትና ወደኋላ ከሚሊ ሜትር ያነሰ መላወሻ በተፈጥሮው አለው፤ በዓይን ጎልቶ ከታየ ግን ከፊትና ከኋላ የሚያግደው ብሮንዚን አልቋል፤ ያ ሞተር መክፈት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ የመዞር ፈተና። ማርሹን 4ኛ ላይ ያስገቡ፣ ረዳትዎ ፍሬን አጥብቆ ይርገጥ። አሁን ክራንክ ሻፍቱ ተይዟል። ፑሌጃውን በሁለት እጅዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለማዞር ይሞክሩ። ከማርሹ የሚመጣ ትንሽ መላወስ ሊኖር ይችላል፤ ያ ሲሆን ግን ቡሎኑም አብሮ ይዞራል። ፑሌጃው ብቻውን ቅንጣት ታህል ዞሮ «ጠቅ» ካለ ፑሌጃውን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የምታስተሳስረው ትንሿ ሽብልቅ ተበልታለች፣ ወይም የምትገባበት ቦይ ሰፍቷል።

በመጨረሻም ቺንጋው ወርዶ ሳለ የውሃ ፓምፑንና የዲናሞውን ፑሌጃ በእጅዎ ያዙሩ፣ ይነቅንቁም። የሚያጉረመርም ወይም የሚወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው ነው። ትልቁ ፑሌጃ በስህተት ከሚታማባቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ እዚህ ያልቃሉ።

5. ያለ ቺንጋ አንድ ጊዜ ያስነሡ

4ኛው ደረጃ ላይ ፑሌጃው ላልቶ ካገኙት ይህንና 6ኛውን ደረጃ ዘልለው ወደ 7ኛው ይሂዱ። የላላን ፑሌጃ እንደገና ማዞር ሽብልቋን መብላት፣ ታይሚንጉንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ፑሌጃው ጠንካራ ከሆነና ድምፁ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ግን ባትሪውን መልሰው፣ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥተው ከ30 ሴኮንድ እስከ 1 ደቂቃ ያዳምጡ፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ፤ የውሃ ፓምፑ ቆሟል። መኪናውንም ከቦታው አያንቀሳቅሱት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ቺንጋው ይነዳቸው ከነበሩት አንዱ ነው። ድምፁ ካለ ወይ ጎማ ያለው ፑሌጃ ነው (ቀጣዩን ይመልከቱ)፣ ወይ ከውስጥ ነው።

6. የቀለም መስመር

ሁሉም ፑሌጃ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። በብዙ መኪኖች እምብርቱና የውጩ ቀለበት ሁለት ብረቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ንዝረት የሚውጥ ጎማ አለ። ጎማው በዕድሜ፣ በሙቀትና በዘይት ይደርቅና ይላቀቃል። ያን ጊዜ ቡሎኑ ጥብቅ፣ እምብርቱ ጥብቅ፣ ግን የውጩ ቀለበት በራሱ ጊዜ የሚንሸራተት ይሆናል። እጅ ይህን ብዙ ጊዜ አያገኘውም።

ፑሌጃውን በብሩሽና በቤንዚን በነካ ጨርቅ ይጥረጉ። ከቡሎኑ ራስ ጀምሮ በእምብርቱ፣ በጎማውና በውጩ ቀለበት ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም ያስምሩ። የጥፍር ቀለም የሚሻልበት ምክንያት ዘይትና ውሃ ቶሎ ስለማይለቁት ነው። ቺንጋውን መልሰው፣ ከተማ ውስጥ ጥቂት ነድተው፣ አጥፍተው ይመልከቱ። መስመሩ ጎማው ላይ ከተሰበረ የውጩ ቀለበት ተንሸራቷል፤ ፑሌጃው ይቀየራል፣ አይጠገንም። መስመሩ በቡሎኑና በእምብርቱ መካከል ከተዛነፈ ቡሎኑ እየተፈታ ነው።

ለቤንዚን መኪና ባለቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ። የማቀጣጠያው ሰዓት በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የሚታየው በፑሌጃው ጠርዝ ላይ ባለው ጭረት ነው። ቀለበቱ ከተንሸራተተ ጭረቱ ይዋሻል። መካኒኩ በመብራት እያየ በትክክል ያስተካከለው ሞተር ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ የሚቀረው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ ከዚያ ካርቡራቶሩ ይታማል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ለውጥ የለም።

7. ቡሎኑን ይፈትሹ፣ ፑሌጃውን ያውጡ

ቺንጋው ከተመለሰ እንደገና ያውርዱት፤ ክራንክ ሻፍቱን እንደ 4ኛው ደረጃ በማርሽና በፍሬን ይያዙ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና በዚህ አይያዝም፤ ቮላኖውን የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ በቮላኖው ጥርስ ውስጥ ካቻቢቴ መሸጎር ጥርሱን ይሰብራል። የቡሶላውን እጄታ ሻሲው ላይ ደግፎ በሞተሪኖ «ጠቅ» እያደረጉ መፍታት የሚባለውም ዘዴ እጅ የሰበረ ዘዴ ነው፤ በተለይ ከጎንዎ ልምድ ያለው ሰው ከሌለ።

ቡሎኑ ያለ ብዙ ኃይል ከዞረ ላልቶ ነበር። አሁን ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ይመጣል፤ በዚያው አጥብቆ ቺንጋውን መልሶ መሄድ። ያላላው ነገር ሳይታወቅ የተጠበቀ ቡሎን እንደገና ይላላል። ስለዚህ አውጥተው ይዩት። ፑሌጃው በእጅ ካልወጣ በመሳቢያ ይውጣ። በመዶሻ መምታት ፑሌጃውን ይሰነጥቃል፤ ምቱም ክራንክ ሻፍቱን አልፎ ብሮንዚኑ ላይ ያርፋል።

ሲወጣ አራት ነገር ይመልከቱ። ሽብልቋ ጠርዞቿ ቀጥ ያሉ ናቸው ወይስ ደረጃ አውጥተዋል? በክራንክ ሻፍቱ ላይ ያለው ቦይ ጎኖቹ ትይዩ ናቸው ወይስ አፉ ሰፍቷል? ፑሌጃው የሚያርፍበት የክራንክ ሻፍት አፍንጫ ለስላሳ ነው ወይስ ተፍቋል? የቡሎኑ ጥርስ ንጹሕ ነው ወይስ ተስቧል? ከታይሚንግ ጥርሱ ጋር የሚገናኘውም ገጽ ዝገትና ቆሻሻ እንዳይኖረው ያጽዱት። አንድ ቅንጣት አሸዋ በመካከል ቢቀር ቡሎኑ የጠበቀ ይመስላል፤ አሸዋው ሲደቅ ላልቶ ይገኛል።

ሽብልቋ ብቻ ተበልታ ቦዩ ጤነኛ ከሆነ ሽብልቋን፣ ሮንዴላውንና ቡሎኑን በአዲስ ቀይረው ይገላገላሉ። ፑሌጃው ውስጡ ሰፍቶ ከሆነ ሌላ ፑሌጃ ይፈልጉ፤ ባሕር ዳር ካላገኙ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ለአሮጌ ቶዮታና ላዳ ያገለገለ ዕቃ የሚፈለግበት ቦታ ነው። ሲገዙ የሞተሩን ዓይነት ይናገሩ፤ የመኪናውን ስም ብቻ ቢሉ ዲያሜትሩ የማይገጥም ይዘው ይመለሳሉ። የቺንጋው ቦይ ቁጥርና ጥልቀት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር።

የክራንክ ሻፍቱ ቦይ ራሱ ከሰፋ ግን ጉዳዩ ከብዷል። ይህ የእኛ አገር አሮጌ መኪና ብቻ ጣጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 የተሠሩ የማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች የክራንክ ሻፍታቸው አፍንጫ አጭር ስለነበር ቡሎኑ ሲላላ ቦዩ እየተበላ ባለቤቶቹን ለክራንክ ሻፍት ቅያሪ ዳርጓል፤ ኩባንያውም በኋላ አፍንጫውን አስረዝሞታል። እንዲህ ያለውን ጉዳት በቶርኖ የሚያክም ጥሩ ባለሙያ ካለ ይነጋገሩ። ሁለት ነገር ግን እምቢ ይበሉ። አንደኛው ከጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ በሽብልቋ ጎን መሸጎር ነው፤ ቆርቆሮው ተጨፍልቆ ይወጣል። ሁለተኛው ፑሌጃውን ክራንክ ሻፍቱ ላይ መበየድ ነው። የተበየደ ፑሌጃ ኦይል ሲል ወይም የታይሚንግ ቺንጋ በሚቀየርበት ቀን ክራንክ ሻፍቱን ይዞ ይሞታል፤ ከዚያ በፊትም ብየዳው ፑሌጃውን ያጣምመዋል። «እስከ ባሕር ዳር ያደርስዎታል» ቢሉዎትም እምቢ ይበሉ።

8. በልኩ ያጥብቁ

«በደንብ ጠብቋል» የሚባለው ልክ አይደለም። የላዳ ዳዶ ከ100 እስከ 125 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ የናፍጣ ሞተሮች ቡሎን ከዚያ በጣም ሊበልጥ ይችላል። የእርስዎን ሞተር ልክ ከማኑዋሉ ያግኙ፤ ማኑዋል የያዘ ጋራዥ ይጠይቁ። የቡሎኑን ጥርስ በቤንዚን አጥበው ያድርቁ፤ ማኑዋሉ ከፈቀደ ሎክታይት ይጨምሩ።

ቶርክ ቁልፍ የያዘ ሰው ካልተገኘ ሚዛን ይሠራል። በቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተው ከመሬት ጋር አግድም ያድርጉት። ከቡሎኑ መሐል 1 ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ 10 ኪሎ 98 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። 10 ኪሎ ድንች በፌስታል መዝኖ ማንጠልጠል ደብረ ታቦርን በከበበው ፋርጣ ውስጥ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። የቱቦው ክብደትም ይቆጠራል፤ 1 ሜትር የሚረዝም 2 ኪሎ ቱቦ እንደ 1 ኪሎ ተጨማሪ ጭነት ነው፤ ከድንቹ ላይ ይቀንሱለት። ክብደቱ ቀስ ብሎ ይለቀቅ፣ አይወርወር። ቱቦው ካዘቀዘቀ ቁልፉን አውጥተው እንደገና አግድም ያድርጉና ይድገሙት፤ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ቱቦው ዝም ሲል ልኩ ደርሷል። ቶርክ ቁልፍን አይተካም፤ በቱቦ ላይ ቆሞ ከመዝለል ግን እጅግ ይሻላል።

ቺንጋውን ሲመልሱ በጣም አይወጥሩት። በሁለት ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ ይበቃዋል። ከልክ ያለፈ ውጥረት የውሃ ፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፣ ትልቁን ፑሌጃም ወደ ጎን ይጎትታል።

9. እንደገና ይመልከቱ

ከቡሎኑ ራስ እስከ ፑሌጃው አዲስ የቀለም መስመር ያስምሩ። በማግሥቱ ጠዋት ከማስነሣትዎ በፊት፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ይዩት። ወደ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህ ምርመራ ጥሩ ልክ ነው። ወደ ጋይንት በኩል የሚሄዱ ከሆነ ንፋስ መውጫ ላይ ቆም ብለው ኮፈኑን ይክፈቱ። ሞተር ዘይት በየጊዜው ሲቀይሩም መስመሩን ማየት ልማድ ይሁንልዎ።

መንገድ ላይ ከያዘዎት

የባትሪ መብራት ከበራ፣ መሪው በድንገት ከከበደ ወይም ሙቀት ጠቋሚው ወደ ላይ ከሄደ ቺንጋው ወጥቷል ብለው ያስቡ። ወዲያው ጥግ ይያዙ። ቫኪዩም ፓምፑ ዲናሞው ላይ ያለ ናፍጣ መኪና ከሆነ ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ፤ የቀረውን እርዳታ በአንድ ረገጣ ለመቆም ይጠቀሙበት፣ ማርሽ ያውርዱ። ከቆሙ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አይክፈቱ።

መለዋወጫ ቺንጋ ይዘው ከሆነ ከማሰርዎ በፊት ፑሌጃውን ይነቅንቁት። ጠንካራ ከሆነ ቺንጋውን አስረው ይሂዱ። ላልቶ ካገኙት ግን አዲሱም ቺንጋ በዚያው መንገድ ይወጣል፤ ክምር ድንጋይም ይሁኑ ጋሳይ፣ ተሳፋሪውን በሌላ መኪና ይሸኙ፣ መኪናውንም ቁልቁል አያውርዱት። መካኒኩን ወደ መኪናው ያምጡት።